ይነበብ ያለው ሰው

ስድስት ዓመት ሙሉ የሞተው ባሌ ስም ሲጠራ "አለሁ" ስል የኖርኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካልጋሪው ዕድራችን በወር አንዴ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ባለው የኮሚኒቲ አዳራሽ ይሰበሰባል። ከሁሉ በፊት ጸሐፊው አባይነህ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። የሚጠራው የአባወራ ስም ነው። አባወራው ሺፍት ላይ ከሆነ ሚስቱ "አለ" ትልለታለች፣ ቤቱ አለ ማለቷ ነው። የኔ ባል መኳንንት ይርዳው በ1989 ጃንዋሪ፣ ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፣ ከስጋ ፋብሪካው ወጥቶ ባስ ሲጠብቅ ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ። ዕድሩ ወግ ባለው መንገድ ቀበረልኝ፣ ይህን አልክድም። በወሩ ስብሰባ ስሄድ አባይነህ "አቶ መኳንንት ይርዳው" ብሎ ጠራ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የሞተ ሰው አለ አይባልምና "አለሁ" አልኩ። አባይነህም ምልክቱን አድርጎ ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። በዚያው ቀረ።

እሱን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ከሁለት ወር በኋላ የመጣውን ነው። ዘመድ የሌለው አንድ ልጅ ሞቶ ለቅሶው የማን ቤት ይቀመጥ ተባለና እጅ ይውጣ ተባለ። እኔም አወጣሁ። የኔ ቤት ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ እኔ ጋ ይሁን ብዬ ነበር። አባይነህ በብዕሩ ጫፍ እየጠቆመ ሲቆጥር እኔ ጋ ደርሶ አለፈኝ። ያላየ መስሎኝ እጄን ከፍ አደረግኩት።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ እጅዎን ያውርዱ" አለኝ። "የሚቆጠረው አባወራ ነው። ደንቡ ላይ አለ።"

አወረድኩት። ሰባ ሰው ፊት። ስሙ ሲጠራ "አለሁ" እንድል እፈለጋለሁ፣ እጄ ሲወጣ ግን የለሁም። በማግስቱ ሥራ ስገባ ያቺን እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ፣ የሆነ ነገር የሰረቀች ይመስል።

እኔ የተማርኩት አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፣ እሱንም ጎልምሼ፣ ማታ ማታ። አባይነህ ዲፕሎማ አለው። ያኔ እሱም እንደ ባሌ ስጋ ፋብሪካ ነበር፣ አሁን ቢሮ ገብቷል፣ ከረቫት ያስራል። ደንቡ ላይ አለ ካለ አለ ነው ብዬ ተውኩት። ዕድሩ በ1987 ሲመሠረት ቀኑ እሑድ ነበር። ፋብሪካው እሑድም ይሠራ ስለነበር ከወንዶቹ ብዙዎቹ ሺፍት ላይ ነበሩ። እኔ ለቤታችን ብዬ ሄጄ ከሠናይት፣ ከአባይነህ ሚስት ጎን ተቀምጬ ፈርሜ መጣሁ። የፈረምኩት ወረቀት ምን እንደሚል አላውቅም። አሥራ አንድ ገጽ ነው፣ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ፣ ደቃቅ ፊደል። እኔ ደግሞ ሳነብ ጣቴን ከሥሩ አስከትዬ ነው።

ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቂም አትያዢ ይሉኛል። ያዝኩ።

በ1995 ሴፕቴምበር ስብሰባ ላይ አባይነህ ተነሥቶ መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው አለ። ጥሩ ነው አልን። በዚሁ አጋጣሚ አባወራቸው የሞተባቸው ቤቶች በቅርብ ወንድ ዘመድ ስም ይዛወራሉ አለ። ስም ዝርዝሩን አነበበ። አምስት ሴቶች ነን። እኔ የተዛወርኩት ለባሌ ታናሽ ወንድም ለሳሙኤል ነው፣ ኤድመንተን ላለው። ሳሙኤል ለወንድሙ ቀብር መጥቶ በሦስተኛው ቀን የሄደ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ስልክ አንሥቶ ጥሩወርቅ እንዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም። የዕድራችንን አዳራሽ በር አያውቀውም። አሁን በመጪው ወር ጉባኤው ካጸደቀ፣ የኔ ቤት የሱ ቤት ሊባል ነው። ብሞት የት ልቀበር ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። ከመሃላችን አንዷ "ይሄ እንዴት ይሆናል?" ብላ ጠየቀች። አባይነህም ያንኑ አለ፣ ደንቡ ላይ አለ።

አንድ ወር ነበረኝ።

እኔ የምሠራው ሆም ኬር ነው። ሽማግሌዎችን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። ከነዚህ ሁሉ የምወዳቸው ሚስ ኢዲትን ነበር። ቤታቸው ፎረስት ሎን ነው፣ ፔንብሩክ ካለው ቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ። ያኔ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነበር። ባል አላገቡም፣ አርባ ዓመት አስተማሪ ነበሩ። ጭንቅላታቸው ከኔ የተሻለ ይሠራል፣ ዓይናቸው ግን መሃሉ ጠፍቷል። ዳር ዳሩን እንጂ የሚያዩትን ነገር ልቡን አያዩትም። እኔን ራሱ ሲያዩኝ አንገታቸውን አዙረው በጎን ነበር።

ከዚያ ስብሰባ ብዙ ቀደም ብሎ፣ እሳቸው ጋ ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ትልቅ ደብተር አምጪ አሉኝ። የጋዜጣ ቁራጭ የተለጠፈበት ነው፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ። አንብቢልኝ አሉኝ። እኔ እንግሊዝኛ በደንብ ማንበብ አልችልም አልኳቸው። እኔ ጊዜ አለኝ አሉ። እንደዚያ ተጀመረ። ካጠብኳቸውና ካበላኋቸው በኋላ በሚቀረው ግማሽ ሰዓት ጣቴን ከሥሩ እያስከተልኩ አነባለሁ፣ ስሳሳት ያርሙኛል። አንዱን ቁራጭ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት የፈጀብን ጊዜ አለ። አላጉረመረሙም። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ልተው አላልኩም።

ደብተሩ የአባታቸው ነው። ኤሞስ ትሬድዌል ይባላል፣ የኛው አሞጽ ማለት ነው። በወጉ "እሳቸው" ማለት ይገባኝ ነበር፣ ግን ከስንት ንባብ በኋላ እንደ ታላቅ ወንድሜ ስለሆነብኝ "እሱ" እላለሁ። አገሩ አሜሪካ ነው፣ ከኛ ድንበር ወዲያ ካሉት ከብት ከሚረባባቸው ስቴቶች አንዱ። የስቴቱን ስም ነግረውኝ ነበር፣ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ስላሉ ተሳስቼ ከምጽፍ ልተወው።

ኤሞስ አባቱ በልጅነቱ ሞተበትና ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በግ ሲሸልት አደገ። ከእርሻ እርሻ እየዞረ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ግን ከብት ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰውን ምልክት የአገሩን ሁሉ ያውቀዋል። የማን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሸጠው፣ ከኮረብታ ማዶ አይቶ ይናገራል። ሰዎች በከብት ሲጣሉ ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት እሱ ጋ ይመጣሉ። አይጮህም፣ ሁለቱንም እስኪጨርሱ ይሰማል፣ ከዚያ ይናገራል። በ1908 የአካባቢው ሰው "አንተ ሂድልን" ብሎ ለስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መረጠው።

እምቢ ብሎ ነበር። ለምን እምቢ እንዳለ ግን ለማንም አልተናገረም። ማንበብ አይችልም። የሚችለው ስሙን መፈረም ብቻ ነበር፣ እሱንም ምልክት አድርጎ ነው የያዘው፣ እንደ ከብቱ ምልክት።

ሚስቱ ሞታ ልጁን የሚተውበት ዘመድ አልነበረውም። ምክር ቤቱ ሲከፈት የስምንት ዓመት ልጁን ኢዲትን ይዞ ወደ ዋና ከተማው ሄደና አንዲት ሴትዮ ቤት አንድ ክፍል ተከራዩ። ከራት በፊት ልጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ረቂቁን ሕግ ታነባለች፣ አባትየው ቦት ጫማውን እየወለወለ ይሰማል። የሚስ ኢዲትን ድምፅ ስሰማ ያቺ ልጅ ትታየኝ ነበር። የማታውቀው ቃል ሲመጣ ፊደል በፊደል ትጠራለታለች፣ እሱም አያውቀውም፣ ተያይተው ይስቃሉ። አንዴ ከሰማ ግን በቃው። ጠዋት ምክር ቤት ገብቶ "አንቀጽ አሥራ ሁለት ላይ እንዲህ ብላችኋል፣ አንቀጽ ሠላሳ ላይ ደግሞ አፍርሳችሁታል" ይላቸዋል። ወረቀት አይዝም። አንዱ ጋዜጣ ስለሱ ሲጽፍ ከምክር ቤቱ ሁሉ በደንብ የሚያነብ ትሬድዌል ነው ብሏል። ይህን ሳነብላቸው ሚስ ኢዲት ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

እኔ ግን አጎቴ ትዝ አሉኝ። አጎቴ መሪጌታ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው መጽሐፍ ሳያዩ በጆሮ ሰምተው በቃላቸው ይማራሉ። አንዱ ከመሃል አንዲት ቃል የገደፈ እንደሆነ አጎቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ይይዙታል። ለሚስ ኢዲት ይህን ነገርኳቸው።

"እኛ አገር አባትዎ ያልተማረ አይባልም ነበር" አልኳቸው። "ሊቅ ነበር የሚባለው።"

ያንን ቃል እንደገና እንድልላቸው ጠየቁኝ፣ በአማርኛ። "ሊቅ" አልኩ። ሁለት ጊዜ ደገሙት። ከዚያ ወዲህ አባታቸውን በሌላ ስም አልጠሩም፣ ደብተሩን ሲፈልጉ "ሊቁን አምጪው" ነበር የሚሉኝ።

ሦስተኛው የምክር ቤት ዘመን 1913 ነው። ኢዲት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ኩፍኝ ያዛትና አራት ቀን ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ኤሞስም አራት ቀን ሳይነበብለት ምክር ቤት ገባ። በአራተኛው ቀን ስለ ከብት ማጠጫ ውኃዎች የሚናገር ረጅም ረቂቅ ቀረበ፣ ወዲያው ድምፅ ይሰጥበት ተባለ። ኤሞስ ተነሥቶ ይቆይ አለ። አንድ ጠበቃ የሆነ እንደራሴ ነገሩ ሸቶት ኖሮ ወረቀቱን ይዞ መጣና የምትቃወመው የቱን ነው፣ እስቲ ራስህ አንብብልን ብሎ እጁ ላይ አኖረለት።

ኤሞስ ወረቀቱን አየው። ሚስ ኢዲት ይህን ያወቁት ከጋዜጣው ብቻ አይደለም፣ አባታቸው ራሱ ብዙ ጊዜ ነግሯቸዋል።

"አልችልም" አለ። "ማንበብ አልችልም። የምታነብልኝ ልጄ ናት፣ እሷ ታማለች።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኤሞስ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።

"አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ይህን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ እጁን ያውጣ።"

ከስድሳ ሰው አራት እጅ ወጣ። የጠበቃው እጅ ከነሱ ውስጥ የለችበትም።

"እኔና እናንተ እኩል ነን እንግዲህ" አለ ኤሞስ። "እኔ አለማንበቤን አምኛለሁ። ይነበብ።"

ምክር ቤቱ ከማፈሩ የተነሣ ተነበበ። አንድ ሰዓት ፈጀ። መሃል ላይ የሕዝቡን የውኃ ማጠጫ ሁሉ ለአንድ ኩባንያ የሚሰጥ አንቀጽ ተወሽቆ ተገኘ። ሊያጸድቁት የነበሩት ራሳቸው ጣሉት። በማግስቱ ኤሞስ የራሱን ሐሳብ አቀረበ። ማንኛውም ሕግ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ጮክ ተብሎ ሙሉውን ይነበብ የሚል፣ ሁለት መስመር የማይሞላ። ጊዜያችንን ሊገድል ነው ብለው ሳቁበትና ወደቀ። በ1915 እንደገና አቀረበው፣ በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። በስምንት ዓመት ውስጥ ያወጣት ሕግ ያቺው አንዲት ናት።

በተከታዩ ምርጫ ተሸነፈ። ተወዳዳሪው "ማንበብ የማይችል ሕግ ያወጣልናል?" የሚል ወረቀት በየግንዱ ላይ ለጥፎበት ነበር። ያቺም ወረቀት ደብተሩ ውስጥ አለች፣ ኤሞስ ራሱ ነው ከግንድ ላይ ነቅሎ ያመጣት። ከዚያ ልጁን ይዞ ወደዚህ ወደ አልበርታ መጣ፣ ከካልጋሪ በስተምሥራቅ ስንዴ ዘራ፣ በ1931 ሞተ። እስኪሞት ማንበብ አልቻለም። ሲመጣ ተከፍቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ባቡሩ ላይ ሲዘፍን ነው የመጣው አሉኝ። እርስዎስ ያፍሩበት ነበር ወይ አልኳቸው፣ ይህን መጠየቅ አልነበረብኝም።

"አርባ ዓመት ልጆች ማንበብ አስተማርኩ" አሉኝ። "እንደ አባቴ መስማት የሚችል አንድ አላገኘሁም።"

እንግዲህ በዚያ በሴፕቴምበር ስብሰባ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሹራባቸውን ገልብጬ ሳለብሳቸው ታወቃቸው። ምን ሆንሽ አሉኝ። እጄን ከማውረዴ ጀምሬ እስከ ሳሙኤል ድረስ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ሲያልቅብኝ በአማርኛ ሞላሁበት። አንገታቸውን አዙረው በጎን አዩኝ።

"ደንቡን አንብበሽዋል?"

"አላነበብኩም።"

"ያ ጸሐፊያችሁስ?"

"እሱማ ያነበበ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል" አሉ፣ አስተማሪ ተማሪውን በሚይዝበት ድምፅ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና እጄን ያዙ፣ ያቺኑ ያወረድኳትን እጅ። "በይ መጀመሪያ ይነበብ።"

ያን ወር ሙሉ እየሠራሁ ስብሰባው ላይ የምለውን ስለማመድ ከረምኩ። ደንቡን ስጠኝ ብዬ አባይነህ ጋ ኮል ባደርግ አሁን እኔ ጋ የለም ይለኛል፣ ከዚያም ለሰው ሁሉ ጥሩወርቅ ልትበጠብጥ ነው ይላል። ስለዚህ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ያሰብኩት ግን አንድ ነገር ነው። ስብሰባው ላይ የመናገር ተራ የለኝም፣ እጄ አይቆጠርም። ድምፄ የሚሰማባት አንዲት ቦታ ስም ጥሪው ናት።

የኦክቶበሩ እሑድ በረዶ ጥሎ ነበር፣ የመጀመሪያው። አዳራሹ ግን ጢም ብሏል፣ የኮምፒውተሩን ነገር ሊያጸድቁ። ሴቶቹ ኩሽና ናቸው። ሠናይት ድስት እያማሰለች "ጥሩዬ፣ ዛሬ ፊትሽ የፈተና ቀን ይመስላል፣ ምን አስበሻል?" አለችኝ። ምንም አልኳትና ሄጄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የዕድሩ ዳኛ ጋሼ ሃይልኣብ ናቸው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው። አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ሰው በጣም የሚያከብራቸው። ካስልሪጅ ከሚገኘው ቤታቸው በዚያ በረዶ በእግራቸው መጥተው ጫማቸውን ያራግፋሉ።

አባይነህ ስም መጥራት ጀመረ። አለሁ፣ አለ፣ አለሁ፣ አለ።

"አቶ መኳንንት ይርዳው።"

ዝም አልኩ።

"አቶ መኳንንት ይርዳው" አለ ጮክ ብሎ። ቀና ብሎ አየኝ። "እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያሉ መሰለኝ እኮ።"

ተነሣሁ። "እኔ አለሁ። መኳንንት ግን ሞቷል። ራሳችሁ ናችሁ የቀበራችሁት።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳል እንደያዘው ሆነ። አባይነህ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገና ለዚህ እኮ ነው ዛሬ መዝገቡን የምናስተካክለው፣ ስምዎ ወደ አቶ ሳሙኤል ይዛወራል፣ ደንቡ ላይ አለ አለኝ።

"የቱ ጋ?"

"ምኑ?"

"ደንቡ ላይ የቱ ጋ ነው ያለው? እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ፣ አላውቀውም። ይነበብ።"

ያኔ ነው ጫጫታ የመጣው። አሥራ አንድ ገጽ ነው አለ አባይነህ። አዳራሹን በአምስት ሰዓት አስረክቡ ተብለናል አለ፣ በፈረንጅ ሰዓት። ምግቡ ይቀዘቅዛል ያለም ነበረ። እኔ አልተቀመጥኩም። "ያነበበው ካለ እጁን ያውጣ፣ እኔም እቀመጣለሁ" አልኩ። አዳራሹን ዞሬ አየሁት። አንድም እጅ የለም። ወደ አባይነህ ዞርኩ። ብዕሩን በሁለት እጁ ይዞ ወረቀቱን ያያል።

ጋሼ ሃይልኣብ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "አባይነህ፣ ወዲህ በለው" አሉ።

ንባባቸው እንደ ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ ሰው ያዛጋ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ የሚል መጣ። "የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሰው በሞተ ጊዜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በየመንደሩ እየዞረ ይለፍፋል።" ጋሼ ሃይልኣብ ቆም አሉ። ቀና ብለው መስኮቱን፣ በረዶውን አዩ። ተክለ የሚባል ተረበኛ ታክሲ ነጂ አለ፣ "ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ጃኬት ይሰጠዋል ወይ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። ዕድሩ ሲመሠረት ደንቡን ከአዲስ አበባ ከአንድ ሰፈር ዕድር በፖስታ አስመጥተው፣ የሰፈሩን ስም በካልጋሪ ቀይረው እንዳለ ነው ያባዙት። የድንኳን ተካይ አለበት፣ የቀበሌ ማህተም አለበት። ይህን ሁሉ ስምንት ዓመት አንድም ሰው አላየውም። ከኩሽና ሴቶቹ እጃቸውን በሽርጥ እየጠረጉ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያዛጋ አልነበረም።

አንቀጽ አሥራ ስምንት ላይ ጋሼ ሃይልኣብ ድምፃቸው ዝግ አለ። "የዕድሩ አባል ማለት በዚህ ደንብ መጨረሻ ላይ ስሙን ጽፎ የፈረመ ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የሚገባ፣ ሁለት አባላት ደግፈውት በጉባኤው ድምፅ ይገባል።" ደገሙት። ቀጠሉ፣ እስከ መጨረሻው። አባወራ የሚል ቃል የለበትም። ወንድ ዘመድ የሚል የለበትም። አባይነህ ውሸታም አይደለም፣ ይህን ለራሱ ጭምር ነው የምጽፈው። የአባቱ ዕድር እንደዚያ ነበር፣ የኔም አባት ዕድር እንደዚያ ነበር። ሁላችንም የለመድነውን ነገር የተጻፈ መሰለን።

የመጨረሻው ገጽ ፊርማ ነው። ጋሼ ሃይልኣብ በተራ ቁጥር አነበቡት። አሥራ አራት ላይ "ጥሩወርቅ አስናቀ" አሉ። ጣቴን ከሥሩ አስከትዬ የጻፍኩት ነው፣ ፊደሉ ወደ ላይ የወጣ ወደ ታች የወረደ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም መኳንንት ይርዳው የሚል የለም። ያን እሑድ ሺፍት ላይ ነበር። ባሌ የዕድሩ አባል ሆኖ አያውቅም። አባሏ እኔ ነበርኩ። ሲሞት ያስቀበረው የኔ ፊርማ ነው።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ማንን ነው ስንጠራ የኖርነው?" አለ ተክለ፣ በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም።

ምክንያቱም ጋሼ ሃይልኣብ አሥራ አምስትን አንብበው ነበር። "ሠናይት ወልዱ።" የአባይነህ ሚስት። የአባይነህ ስም ግን እስከ መጨረሻው አልመጣም። ያን እሑድ እሱም ከባሌ ጋር አንድ መስመር ላይ ቆሞ ስጋ ሲቆርጥ ነበር።

ሠናይት ጭልፋዋን እንደያዘች ኩሽናው በር ላይ ቆማ ባሏን አየችው። "በል እንግዲህ አባይነህ፣ እጅህን አውርድ" አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባይነህ ፊቱ ደም መሰለ። ከረቫቱን ነካ ነካ አደረገ። መዝገቡን ዘግቶ ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፋ አየሁት። እኔም ለመሳቅ አፌን ከፍቼ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ስድስት ዓመት የጠበቅኳት ደቂቃ ናት። ግን ያን አነሣሡን አውቀዋለሁ። ሰባ ሰው ፊት አውርድ የተባለ ሰው አነሣስ ነው። ኤሞስም ሳቁ እስኪያልቅ ነበር የጠበቀው። እኔም ጠበቅኩ።

"ጋሼ ሃይልኣብ" አልኩ። "እኔ አባል ከሆንኩ ሐሳብ ላቅርብ?"

"መብትሽ ነው።"

"በመጀመሪያ ስሜ ይጻፍ።"

አባይነህ ቆሞ እንዳለ መዝገቡን ገለጠውና ወደ እኔ አዞረው። ብዕሩንም ሰጠኝ። የመኳንንትን ስም በቀስታ ሰረዝኩ፣ ይቅር ይለኛል፣ ከሥሩ የራሴን ጻፍኩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም አላጣደፈኝም።

"ሁለተኛ" አልኩ፣ "ይህ ዕድር ያለ ጸሐፊ አይሆንም። የሚገባ ሰው ሁለት አባል ይደግፈው ብሏል ደንቡ። አቶ አባይነህን አንደኛዋ ደጋፊ እኔ ነኝ።"

"ሁለተኛዋ እኔ" አለች ሠናይት ከኩሽናው በር። "ምን ይደረግ፣ ባሌ ነው።"

አባይነህ አቀርቅሮ ነበር። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተያየን። ጋሼ ሃይልኣብ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና "አቶ አባይነህ አባል ይሁን የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ።

እጄን አወጣሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ካወጣኋትም ከፍ አድርጌ። ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ እጅ ሲወጣ ይሰማኛል፣ እኔ ግን ዞሬ አላየሁም። ጋሼ ሃይልኣብ መነጽራቸውን አስተካክለው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቃኙና ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

"አንድ" አሉ።